ስለ ግያዝ ማታለልና በዘመናችን በስልክ ስለሚፈጸመው ሸፍጥ

የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ ከነቢዩ ከኤልሳዕ ዘንድ ሲመለስ የደረሰበት ነገር በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ5ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ንዕማን ወደ እስራኤል አገር በመጣ ጊዜ 10 መክሊት ብር፥ 6000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ ነበር። ነቢዩ ግን ከዚህ ሁሉ አንዳች አልቀበልም ብሎ በእግዚአብሔር ስም ምሎ አሰናበተው። ሎሌው ግያዝ ይህን እያየና እየሰማ ስለ ነበረ፥ ያ ሁሉ ብርና ልብስ እንደ መጣ ወደ ሶርያ መመለሱ አንገበገበው። ሮጦም ሠረገላውን ደረሰበት። ንዕማን ወርዶ ስለ ደኅንነታቸው ቢጠይቀው፥ ጌታው እንደ ላከው፥ ከተራራማው ከኤፍሬም አገር ሁለት ወጣቶች ከነቢያት ወገን በድንገት እንደ መጡበት፥ ለእነርሱም አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ እንደሚለምን አድርጎ ነገረው። ንዕማንም አንድ የተለመነውን ሁለት አድርጎ፥ የሚሸከሙለትንም ሎሌዎች ጨምሮ ሰጠው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የግያዝ ስስት ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ የተጠቀመበት ብልሃት ግን ሲመረመር እምብዛም አይሰማም። ግያዝ የተናገረው በራሱ ስም ሳይሆን ንዕማን ባለ ውለታዬ ነው ብሎ በሚያከብረው በነቢዩ ስም ነው። የለመነውም ለራሱ አይደለም፤ ከሩቅ ለመጡ፥ ልብስ እንኳ ለሌላቸው የነቢያት ልጆች ነው። የጠየቀው መጠን ሰውየው ከያዘው ሀብት ጋር ሲተያይ ጥቂት ስለ ሆነ ለማሰላሰል የሚያበቃ አልነበረም። ከዚህም በላይ የጠየቀው በሩጫ ደርሶ፥ በመንገድ ላይ አስቁሞ ነው፤ ወደ ኤልሳዕ ተመልሶ ነገሩን ለማጣራት ጊዜ አይሰጥም። ንዕማን በእጁ አንድ ታላቅ ማስረጃ ነበረው፤ ይኸውም ነቢዩ ከጥቂት ጊዜ በፊት አልቀበልም ብሎ መማሉ ነው። ነገር ግን ልቡ በምስጋና ተሞልቶ ስለ ነበረ ያንን መሐላ ከዚህ ልመና ጋር አላስተያየውም። እንግዲህ ግያዝ የገባው በንዕማን ስስት በኩል አይደለም፤ በደግነቱ በኩል ነው።

ደግሞም ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ነቢዩ ነገሩን በመንፈስ ዐውቆ በፈረደ ጊዜ ለምጹ የተጣበቀው በግያዝ ላይ ነው፤ ንዕማንን ስለ ምን ተታለልህ ብሎ የወቀሰው ግን የለም። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ንዕማን ሞኝነት አንዲት ቃል አይናገርም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በ2013 ዓ.ም. ቴሌ ብር ከተጀመረ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም ፔሳ ከተጨመረ ወዲህ፥ ባንኮችም የየራሳቸውን የእጅ ስልክ አገልግሎት ካስፋፉ ወዲህ፥ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በጣት ንክኪ ሆኗል። ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ስዕለቱን ለማድረስ ብዙ ቀን በእግር ይጓዝ የነበረ ምእመን ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ ለሩቁ ገዳም መባ ሊልክ ይችላል፤ በባዕድ አገር የሚኖረውም ለወላጆቹ ይጦርበታል። ነገር ግን መንገዱ ለመጽዋቹ ያጠረውን ያህል ለግያዝም አጥሮለታል። የጥንቱ ግያዝ አንዱን ንዕማን ለመድረስ መሮጥ ነበረበት፤ የዛሬው በአንድ ቀን ለሺህ ሰው መልእክት ይልካል። ከሺሁ አንዱ ቢሰማው ይበቃዋል።

በአሜሪካ አገር የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። አታላዮች የየአጥቢያውን ካህን ስም እየያዙ የስጦታ ካርድ ግዙልን የሚል መልእክት ለምእመናን እየላኩ ነበርና። የስጦታ ካርድ ማለት ከመደብር በገንዘብ የሚገዛ፥ በጀርባው ምሥጢራዊ ቁጥር ያለበት ካርድ ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ካርዱን በእጁ ሳይዝ በውስጡ ያለውን ገንዘብ ይጠቀምበታል፤ ካለቀ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ምእመናኖቻችን እንዲህ ያለ ቃል ሊደርሳቸው ይችላል፦ «ልጄ፥ ስብሰባ ላይ ስለ ሆንሁ በስልክ መነጋገር አልችልም። ሆስፒታል ለተኛች አንዲት ችግረኛ ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። ለጊዜው ለማንም አትንገሪ፤ ምጽዋት በስውር ይሁን።» ግያዝ ከኤፍሬም ተራራ መጡ ያላቸው ወጣቶች ዛሬ ሆስፒታል ተኝተው ታዩ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የሚያሳዝነው ግን ምጽዋትን ከውዳሴ ከንቱ ለመጠበቅ የተሰጠው የስውርነት ትምህርት ለሌባ መደበቂያ መዋሉ ነው። እውነተኛ አባት ልጁን ለማንም እንዳትናገር አድርጎ ገንዘብ አይለምናትም።

በአገር ቤት ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። የታወቀ አባት ፎቶግራፍ፥ የአንድ ገዳም በር ሥዕል፥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ ይወጣል። ከሥሩም ጣሪያው ስላፈሰሰ ቤተ መቅደስ ወይም ስለ ታመመ መነኩሴ የሚያስለቅስ ቃል ይጻፋል። ፎቶግራፍም ማኅተምም ዛሬ በአንድ ደቂቃ የሚቀዳ ስለ ሆነ ማስረጃ ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም። አስቀድሞ መታየት ያለበት ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በማን ስም የተከፈተ ነው የሚለው ነው። በደብሩ ወይም በገዳሙ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ከተከፈተ፥ ሰውየው ምንም ቢመስል ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ደውሎ ሳይጠይቁ መላክ አይገባም። የሚደወለውም በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም፤ እርሱ የሚያደርሰን ወደ ግያዝ ነውና። ቁጥሩን ከሌላ፥ አስቀድመን ከምናውቀው ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ተንኰሉ የረቀቀው ግን የማናውቀው ሰው ሲጽፍልን አይደለም፤ የምናውቀው ሰው የጻፈልን ሲመስለን ነው። ብዙዎች ይህ እንዴት እንደሚሆን ስለማይገባቸው በጓደኛቸው ወይም በዘመዳቸው ላይ ያዝናሉና ጥቂት ማብራራት ይገባል። ቴሌግራም በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ለባለቤቱ ጥቂት አኃዞች ያሉት ኮድ ይልክለታል፤ ኮዱን ያስገባ ሰው የሒሳቡ ባለቤት ተብሎ ይታመናል። አታላዩ በአንድ ወዳጃችን ስም መጥቶ፥ ልጄ ስለሚወዳደር በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ድምፅ ስጡልኝ ይላል፤ ወይም በስሕተት ወደ እናንተ የተላከብኝን ቁጥር መልሱልኝ ብሎ ይለምናል። ያ ቁጥር የቤታችን ቁልፍ ነው። ከሰጠነው በኋላ እርሱ በእኛ ስምና በእኛ ፎቶግራፍ ይቀመጥና፥ ከእኛ ጋር ሲጻጻፉ ለነበሩት ሁሉ እያንዳንዱን በሚጠራበት ስም እየጠራ ብር አበድሩኝ ይላቸዋል። አሮጌውን መልእክት ስለሚያነብ አያትዋን እማማ፥ የንስሐ አባትዋን አባቴ ማለትን ያውቅበታል። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያዋ ተበዳይ ለሌሎቹ መበደል ምክንያት ትሆናለች፤ እርስዋ ግን ምንም አታውቅም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልክ የመጣ ኮድ ለካህንም ቢሆን፥ ለልጅም ቢሆን፥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይሰጥም። የቴሌ ብር ወይም የባንክ የምሥጢር ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛ ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት የእናንተ የምሥጢር ቁጥር አያስፈልገውም። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚደረግበት ቦታ አለ፤ በእኛ ስም የተከፈቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ተዘርዝረው የሚታዩበት ገጽም አለ። ይህን ለአረጋውያን ወላጆቻቸው ማዘጋጀት ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቢደረግ ደግሞ ጥሩ የበረከት ሥራ ይሆናል። በስሕተት ብር ልኬብሃለሁና መልስልኝ የሚል ሲመጣም መልእክቱን ሳይሆን ራሱን ሒሳባችንን ከፍቶ ማየት ይገባል፤ የገባ ብር ከሌለ የሚመለስ ብር የለም።

ድምፁን ሰምቻለሁ፥ እርሱ ራሱ ነው የሚልም ይኖራል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ የአንድን ሰው ድምፅ ከጥቂት ናሙና ቀድቶ ያልተናገረውን ሊያናግረው ይችላል። ስብከታቸው በየጊዜው የሚቀረጽ መምህራን ድምፅ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው፤ መምህራኑም ይህን ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ በድምፅም ቢሆን ድንገተኛ የገንዘብ ልመና ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ በምናውቀው ቁጥር መልሶ መደወል ይሻላል። እውነተኛው አባት በዚህ አይቀየምም፤ የሚቈጣው አታላዩ ነው።

በመጽሐፈ ኢያሱ በ9ኛው ምዕራፍ የገባዖን ሰዎች ያደረጉት ከዚህ ጋር ይስማማል። በቅርብ የሚኖሩ ሲሆኑ ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ያረጀ ጫማ አደረጉ፥ የተቀደደና የተጠገነ የወይን ጠጅ አቁማዳ ጫኑ፥ የደረቀና የሻገተ እንጀራ ያዙ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አዩ፥ ቀምሰውም አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም፤ ወዲያውም ቃል ኪዳን ገቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው እንደ ሆኑ ሰሙ። ሦስት ቀን ብቻ ታግሠው ቢሆን ኖሮ እውነቱ ራሱ ይመጣላቸው ነበር። ያ የሻገተ እንጀራ የዛሬው ማኅተምና ፎቶግራፍ ነው፤ ዐይን ያየዋል፥ እጅ ይዳስሰዋል፥ ነገር ግን ሐሰት ነው። አታላይ ሁሉ አሁኑኑ የሚለው፥ ሰዓት የሚቈርጠው፥ ስልኩን አትዝጉ የሚለው ያች ሦስት ቀን እንዳትገኝ ነው።

ከምእመናን አንዳንዶቹ፥ እኔ የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው፤ ተቀባዩ ቢያታልል እርሱ ይጠየቅበታል፤ ምጽዋትን መመርመር የእምነት ጉድለት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። በቅን ልብ የሰጠ ሰው ዋጋው አይጠፋበትም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለተቀመጠው ነዳይ ስንሰጥም የድህነት ምስክር ወረቀት አንጠይቅም፤ ልንጠይቅም አይገባም። ኋለኛው ክፍል ግን አይስማማንም። በስልክ የሚለምነው ነዳይ አይደለም፤ ገንዘብ አምጡልኝ፥ ለሌላው አደርሳለሁ የሚል መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ደግሞ የሚመረመር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ርዳታ ባደረሰ ጊዜ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አድርጓል፤ በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳይኖር እንደ ተጠነቀቀ በ2ኛ ቆሮንቶስ በ8ኛው ምዕራፍ ጽፏል። ሐዋርያ ያልናቀውን ጥንቃቄ እኛ የእምነት ጉድለት ልንለው አንችልም። ደግሞም ለግያዝ የሄደው ብር እውነተኛው ገዳም ያላገኘው ብር ነው።

በዚህ ረገድ ከካህናትና ከሰበካ ጉባኤ የሚጠበቅ ሥራ አለ። የደብሩ እውነተኛ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቅጥሩ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ፥ በዐውደ ምሕረትም ደጋግሞ ቢነገር፥ ከዚህ ውጭ በደብራችን ስም የሚለምን የእኛ አይደለም ቢባል፥ ለተሰበሰበውም ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ቢሰጥ፥ ሐሰተኛው የሚቆምበት ቦታ ያጣል። እያንዳንዱም ካህን ለንስሐ ልጆቹ፥ እኔ በስልክ ብር አልለምናችሁም፤ ለምኜ ካያችሁ እኔ አይደለሁም ብሎ አስቀድሞ ቢነግራቸው ከብዙ ስብከት ይበልጣል። የገንዘብ አሰባሰቡ በግልጽ የማይታወቅበት ደብር ግን ምእመናኑን ለአታላይ አመቻችቶ እንዳስቀመጣቸው ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ስለ ንዕማን ወዳቆየነው ነገር እንመለስ። የተታለለ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ገንዘቡን ካጣበት ኀዘን ይልቅ ሞኝ ተብሎ መሳቂያ የመሆን ኀፍረት ይበረታበታል። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2024 የደረሰው የጉዳት መጠን 16.6 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከ4.8 ቢሊዮን የሚበልጠው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች የተወሰደ ነው። ይህ እንግዲህ አቤት ያሉት ብቻ ነው። ኀፍረት አፉን የዘጋበት በዚህ ቍጥር ውስጥ የለም። በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ያጣች እኅት ለባልዋም ለእናትዋም ሳትናገር ብቻዋን ትቃጠላለች፤ ከዚህም የተነሣ ሕይወትን እስከ መጥላት የሚደርስ አለ። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ሊሆን ይችላልና አባት የሆነ ሁሉ በዚያች ሰዓት ስለ ምን ሰጠሽ ብሎ እንዳይጀምር እንለምናለን። ነቢዩ ንዕማንን አልወቀሰም።

ይልቅስ ያን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ። ገንዘቡ ወደ ተላከበት ባንክ፥ ቴሌ ብር ከሆነም ወደ 127 ወዲያው ተደውሎ የተቀባዩ ሒሳብ እንዲታገድ መጠየቅ፥ መልእክቶቹን ሳያጠፉ ማስቀመጥ፥ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በኮምፒውተር አማካይነት ማታለልንና የሌላውን ሰው ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ይቀጣል። በየሰዓቱ የሚዘገይ ግን ገንዘቡን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ያርቀዋል። ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፥ አስቀድመህ ክፈለኝ የሚል ሁለተኛ አታላይም ወዲያው ስለሚከተል እርሱንም መጠንቀቅ ነው።

እስካሁን ስለ ተታለለው ተናገርን። ያታለለውስ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀውም፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የምንጠይቅበት ምክንያት አለን።

በእስያ አገሮች የተስፋፋ አንድ የማታለል ዓይነት አለ። ቻይናውያን አሳማ ማረድ ይሉታል፤ እኛ ሙክት ማድለብ ብንለው ይቀርበናል። አንድ የማይታወቅ ሰው በስሕተት የተላከ የሚመስል ሰላምታ ይልካል፤ ወዳጅነቱ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀጥላል፤ ከዚያ ትርፍ የሚያስገኝ የገንዘብ ሥራ ያሳያል። መጀመሪያ ጥቂት ትርፍ በእርግጥ ይከፈላል። ሙክቱ ሲሰባ ግን ያለውን ሁሉ ይወስዱበታል፤ ብሩን ለማውጣትም ግብር ክፈል እያሉ የቀረውን ያሟጥጡታል። ይህን የሚጽፉት ጣቶች ግን ብዙ ጊዜ የባሪያ ጣቶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ፥ በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ፥ በካምቦዲያ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በግዳጅ ለዚህ ሥራ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ምያዋዲ በምትባለው የምያንማር ከተማ አካባቢ ከነበሩት ግቢዎች ወጥተው ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ጦር ከተረከቡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እነዚህ ልጆች ከአገራቸው የወጡት የኮምፒውተር ሥራ፥ ጥሩ ደመወዝ፥ የተከፈለ የአውሮፕላን ትኬት በታይላንድ ይጠብቃችኋል ተብለው ነው። ከደረሱ በኋላ ፓስፖርታቸው ይነጠቃል፤ ወንዝ አሻግረው በታጠረ ግቢ ያስገቡአቸዋል፤ በቀን የታዘዙትን ያህል ሰው ካላታለሉ ይደበደባሉ፥ በኤሌክትሪክም ይሠቃያሉ፤ ለመውጣት ከፈለጉ ቤተሰባቸው ቤዛ እንዲከፍል ይጠየቃል። ስለዚህ ልጁን ወደ ውጭ ለመስደድ በሬውን የሚሸጥ አባት ቀጣሪው ማን ነው፥ ውሉስ በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታውቋልን ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በጎብኚ ቪዛ ሂድና ሥራ ትገባለህ የሚል ደላላ ሲመጣም ያ ልጅ እንዳይሳፈር ይከልክል።

ከዚያ የተመለሱትም አሁን በመካከላችን አሉ። አንዳንዱ ተገርፎ የማያውቀውን ሰው፥ ምናልባትም እንደ እናቱ ያለች አሮጊት፥ ገንዘብዋን እንዲወስድባት ተገድዷል፤ የዚያች ሴት መልእክት ዛሬም በሕልሙ ይመጣበታል። ይህ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቢመጣ፥ አባት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በፈቃድህ ነውን ወይስ በግዳጅ የሚለውን ነው፤ በሥቃይ የተደረገውን በፈቃድ ከተደረገው ጋር አንድ አድርጎ ቀኖና መስጠት ፍርድ ማዛባት ነውና። ራሱ ወዶ ሌሎችን መልምሎ የላከ፥ ከላካቸውም ሰዎች ዋጋ የተቀበለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ የተቀበለውን ወደ ተበደሉት ቤተሰቦች መመለስ አለበት፤ የደላላውንም ስም ለሕግ ሳይናገር ንስሐው አይፈጸምም። ተገድዶ የሠራው ደግሞ የሚያስፈልገው ጸሎት፥ ጠበል፥ አብሮት የሚቀመጥ ሰውና ሐኪም ነው። ደብሩ የሚረዳቸውን ችግረኞች ሲመዘግብ ይህን ልጅ ከመዝገቡ እንዳይረሳው።